ዝንባሌን የሚመዝን ወረቀት

በናይሮቢ፥ ከመሀል ከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ በአንደኛ ንጎንግ ጎዳና ላይ በቆመው ኤ.ሲ.ኬ. ጋርደን ሃውስ በተባለው ሕንፃ ውስጥ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የፈጸሙትን የኬንያ ወጣቶች ለየዩኒቨርሲቲውና ለየኮሌጁ የሚደለድል አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙ የኬንያ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ማዕከላዊ ምደባ አገልግሎት ይባላል፤ በ2012 በወጣው የዩኒቨርሲቲዎች ሕግ ተቋቁሞ፥ ከእርሱ በፊት ይህን ሥራ ይዞ የነበረውን የጋራ ቅበላ ቦርድ ተክቷል። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ከተጻፉት በቀር ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።) የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ጥብቅ ነው፤ ተማሪው ለሚመኘው የትምህርት ዘርፍ የሚፈለጉት አራት ትምህርቶች ተሰልተው ከ48 የማያልፍ ነጥብ ይወጣል፤ ነጥቡ የበለጠለት ይገባል፥ ያነሰበት ወደ ተከታዩ ምርጫው ይወርዳል። በ2024 ለብሔራዊው ፈተና ከተቀመጡት ከ960 ሺህ በላይ ተማሪዎች ለዲግሪ ትምህርት የሚያበቃውን ሲ ፕላስና ከዚያ በላይ ያገኙት 246 ሺህ ያህል ብቻ ስለ ነበሩ፥ በዚህ ስሌት ውስጥ የምትገኝ የአንዲት ነጥብ ክፋይ የአንድን ልጅ የዕድሜ ልክ ሥራ ሐኪምነት ወይም መምህርነት አድርጋ ልትወስን ትችላለች።

ሕጉ ግን ለዚሁ መሥሪያ ቤት ከድልድሉ ሥራ ሌላ የሙያ ምክርንም በአደራ ሰጥቶታል። የሙያ ምክር ደግሞ በነጥብ ብቻ አይሰጥም፤ ነጥብ ልጁ ምን እንደ ቻለ ይናገራል እንጂ፥ አርባ ዓመት ሙሉ ጧት ጧት ተነሥቶ ሊሠራው ስለሚወደው ሥራ ዝም ይላል። ይህን ሁለተኛውን ነገር ለማወቅ ሥነ ልቡና የተባለው ዕውቀት ካለፈው መቶ ዓመት ወዲህ ሲያበጀው የኖረ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የሙያ ዝንባሌ መጠይቅ ነው። ላላየው አንባቢ እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ፈተና አይደለም፤ ትክክለኛ መልስ የለውም፤ የሥራ ዓይነቶችን እየዘረዘረ፥ ይህን መሥራት እጅግ ትወዳለህ? ትወዳለህ? አታውቅም? ትጠላለህ? እጅግ ትጠላለህ? እያለ ብቻ ይጠይቃል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ለማንም በነፃ የሚያድለውና በየአገሩ ያሉ አማካሪዎች የሚጠቀሙበት አጭሩ ቅጽ 60 ጥያቄዎች አሉት፤ ጡብ ስለ መደርደር፥ አዲስ መድኃኒት ስለ መቀመም፥ ተውኔት ስለ መጻፍ፥ ሰውን ስለ ማስተማር፥ አክሲዮን ስለ መሸጥና ስለ መግዛት፥ ሰንጠረዥ ስለ ማዘጋጀት ይጠይቃል። አንድ ተማሪ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል፤ መልሱ በስድስት ዓምድ ተደምሮ ከፍ ያሉት ሦስቱ ይወሰዳሉ።

የዚህ ነገር ጥንት ከአሜሪካ ከተማ ከቦስተን ይመዘዛል። በ1908 ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው፥ ከልዩ ልዩ አገር ተሰደው በመጡ ድኆች ሰፈር ውስጥ የሙያ ቢሮ ከፍቶ፥ ሥራ ፈላጊውን ወጣት በመጀመሪያ ራስህን መርምር፥ ቀጥለህ ሥራውን መርምር፥ በመጨረሻም ሁለቱን በማስተዋል አገናኝ እያለ ይመክር ነበር፤ እርሱ በዚያው ዓመት ዐረፈ፥ መጽሐፉ ግን በ1909 ታተመ። ፓርሰንስ የመረመረው በቃልና በዓይን ነው። በ1927 ኤድዋርድ ስትሮንግ የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከ400 በላይ ጥያቄዎችን የያዘ ወረቀት አዘጋጅቶ አንድ ብልሃት ጨመረበት። ይኸውም የተከበሩ ሊቃውንት ለሐኪምነት ይህ ይስማማል ብለው የሚገምቱትን ትቶ፥ በሥራቸው ጸንተው የኖሩትን ሐኪሞች ራሳቸውን ጠየቀ፤ ሐኪሞቹ ከሌላው ሰው ተለይተው የሚወዱትንና የሚጠሉትን ለቅሞ፥ የወጣቱ መልስ ከማን መልስ ጋር እንደሚመሳሰል ቈጠረ። የሐኪሞቹ መልስ ከሕክምና ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ነገር ቢሆን እንኳ ግድ አልነበረውም። ስትሮንግ ይህን ሥራ በትዕግሥት ተከታትሎ፥ ተማሪዎች ሳሉ የመለሱለትን ሰዎች ከ18 ዓመት በኋላ ፈልጎ ያሉበትን ሙያ ከጥንቱ መልሳቸው ጋር በማስተያየት በ1955 መጽሐፍ አውጥቶበታል።

እዚህ ላይ ሳልናገረው የማላልፈው ነገር፥ የስትሮንግ ወረቀት ለብዙ ዘመን ሁለት መልክ የነበረው መሆኑ ነው፤ የወንዶቹ ሰማያዊ፥ የሴቶቹ ሮዝ ነበረ። ሴቲቱ የምትጠየቅባቸው ሙያዎች በቀለሙ ታጥረው ስለ ነበር፥ መጠይቁ ዝንባሌዋን ከመመዘኑ በፊት የዓለምን ስፋት በግማሽ ቈርጦባት ነበር ማለት ነው። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ የሆኑት በ1974 ነው፤ ሚዛኑ የቆመበትን መሬት ሳይመለከቱ ክብደት ብቻ ማንበብ እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበትን መልክ ያበጀው ግን ጆን ሆላንድ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አዲስ ምልምሎችን እየጠየቀ ሲመዘግብ፥ የሰው የሥራ ታሪክ ምንም ቢበዛ ወደ ጥቂት ዓይነቶች የሚጠቃለል ሆኖ አገኘውና፥ በ1959 ሐሳቡን በጽሑፍ ገለጠ፤ በኋላም በ1971 ተማሪው ያለ አማካሪ ራሱ ሞልቶ ራሱ የሚደምረውን መጠይቅ አወጣ። የሆላንድ ዓይነቶች ስድስት ናቸው፤ በናይሮቢ የሚመላለስ ሰው ሁሉንም በአንድ ቀን ሊያያቸው ይችላል። በካሙኩንጂ ሜዳ ከፀሐይ በታች ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው ባለ እጅ ነው፤ ቶማስ ኦዲያምቦ በ1970 በመሠረተው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል የጢንዚዛን ጠባይ የሚያጠናው መርማሪ ነው፤ የማታቱን አውቶቡስ ከጎማው እስከ ጣራው በሥዕል የሚያለብሰው ከያኒ ነው፤ በኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታል ሕመምተኛ የምታገላብጠው ነርስ ሰው ረዳት ናት፤ በጊኮምባ የልባሽ ጨርቅ እስር ገና ሳይፈታ ዋጋውን ገምቶ የሚገዛው ነጋዴ ደፋር አንቀሳቃሽ ነው፤ በ1954 በተመሠረተው በናይሮቢ የአክሲዮን ገበያ የዕለቱን ሒሳብ ሳያዛንፍ የሚዘጋው ጸሐፊ ደግሞ ሥርዓት ጠባቂ ነው። ሆላንድ እነዚህን ስድስቱን በክበብ ቢያስቀምጧቸው ጎረቤታሞቹ የሚቀራረቡ፥ ፊት ለፊት የሚተያዩትም የሚራራቁ ይሆናሉ አለ፤ ባለ እጁ ከመርማሪው ጋር ጎረቤት ነው፥ ከሰው ረዳቱ ጋር ግን ትይዩ ነው። ማንም ሰው አንዱን ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ ውጤቱ የሦስት ዓይነቶች ቅደም ተከተል ሆኖ ይሰጣል፤ የሥራ ቦታዎችም በእነዚሁ ዓይነቶች ስለ ተመደቡ ሰውንና ሥራን ማስተያየት ይቻላል።

እንግዲህ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ዝንባሌው ከሥራው ጋር የተስማማለት ሰው በሥራው ይደሰታልን? አማካሪ ሁሉ ለተማሪው የሚገባው ተስፋ ይህ ነው። የሥራ ደስታን መመዘን ራሱ የቆየ ጥበብ ነው፤ ሮበርት ሆፖክ በ1935 የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ሠራተኞችን ጠይቆ መጽሐፍ ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ ልዩ ልዩ መጠይቅ ተዘጋጅቶለታል። ሁለቱን ሚዛኖች የሚያገናኝ ምርምርም በብዛት ተሠርቷል፤ በ2020 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት የ65 ዓመት ሥራን፥ ከ100 በላይ ምርምሮችንና ወደ 40 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በአንድ ላይ አድርጎ ቢመረምር፥ በዝንባሌ መስማማትና በሥራ ደስታ መካከል ያለው ዝምድና 0.19 ብቻ ሆነ። ዝምድናው ፍጹም ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ 1 ይሆን ነበር፤ ምንም ባይኖር ደግሞ 0። ይህን በገበያ ሰው ቋንቋ ብንፈታው፥ ዝንባሌያቸው ከሥራቸው ጋር ከብዙው ሰው ይልቅ ከተስማማላቸው 100 ሰዎች 56 ያህሉ ከእኩሌታው በላይ ይደሰታሉ፤ ካልተስማማላቸውም 100 ሰዎች 44 ያህሉ እንዲሁ ይደሰታሉ። ልዩነት አለ፤ ነገር ግን በአማካሪዎች ቢሮ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የሚያስመስለውን ያህል አይደለም።

ቁጥሩ ለምን አነሰ? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ለመጠይቁ የሚከራከር ነው። ሥራው ፈጽሞ ያልተስማማው ሰው ቀድሞ ስለሚለቅ፥ ጠያቂው ሲደርስ የሚያገኘው የቀሩትን ነው፤ የቀሩት ደግሞ ከሞላ ጎደል ይመሳሰላሉ። ደመወዝ፥ አለቃ፥ የሥራ ዋስትና፥ ከቤት እስከ ሥራ የሚፈጀው መንገድ፥ ይህ ሁሉ ደስታን የሚጨምርና የሚቀንስ ነው፤ በናይሮቢ ዝናብ በጣለ ምሽት በቲካ መንገድ ላይ በማታቱ ተቀምጦ ሁለት ሰዓት የሚቆም ሰው የሥራውን ጣዕም በሥራው ብቻ አይለካም። ደግሞም ሊቃውንቱ እንደሚመሰክሩት፥ ዝንባሌ ከደስታ ይልቅ ከጽናትና ከሥራ ፍሬ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው፤ የሚወደውን የሚሠራ ሰው ከሌላው ይበልጥ ደስ ላይለው ይችላል፥ ነገር ግን ይቈያል፥ ይሻሻላል፥ ትምህርቱንም ሳያቋርጥ ይፈጽማል። በእኔ አስተያየት ለድሃ አገር ይህኛው ከደስታው የማያንስ ዋጋ አለው፤ ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ የቤተሰቡን ላምና መሬት ይዞ ነው የሚያቋርጠው።

ከዚህ የሚበልጠው ችግር ግን ከቁጥሩ ውስጥ አይታይም። ጡብ መደርደር ትወዳለህ? የሚለው ጥያቄ በአሜሪካ ለተቀመጠ ልጅ የአንድ ቀን የእጅ ሥራ ስሜት ሊያነሣበት ይችላል፤ በናይሮቢ በማታሬ ወይም በካዮሌ ላደገ ልጅ ግን ጥያቄው ሌላ ነገር ይሆንበታል፤ ድሃ ሆነህ መኖር ትወዳለህ? ብሎ የጠየቀው ይመስለዋል። ጡብ የሚደረድረው ሰው ጎረቤቱ ነው፤ ቀን ሥራ ባጣ ጊዜ ልጆቹ ሲራቡ አይቷል። ስለዚህ ብዕሩን አንሥቶ አልወድም የሚለው ላይ ያሰምራል፤ ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ጠበቃ የሚል ሽታ ባለበት ሁሉ ደግሞ እጅግ እወዳለሁ ይላል፤ የመጠይቁም ሚዛን የልጁን ዝንባሌ መዘንኩ ብሎ የሚያወጣው የሰፈሩን የኑሮ ደረጃ ይሆናል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ከባዕድ አገር የምንማረው ነገር አይደለም። ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ፋቂውን በሙያቸው ስም መስደብ ልማድ ከመሆኑ የተነሣ፥ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ ይህም ፓርሰንስ በቦስተን ቢሮውን ከከፈተበት ዘመን ጋር የሚገጥም ነው። አንደኛው ወጣቱን ሥራ እንዲመርጥ ሲመክር፥ ሁለተኛው የተመረጠው ሥራ እንዳይናቅ ሲያውጁ መገናኘታቸው የሚያስደንቅ ነው፤ ካልተነቀፈ ሥራ መካከል ብቻ ነውና ሰው በእውነት ሊመርጥ የሚችለው።

በካሙኩንጂ የሚሠሩትን ኬንያውያን ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፤ የሚያቃጥል ፀሐይ ማለት ነው፤ ያለ ጣራ ስለሚሠሩ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ዘገባ በመንግሥት መዝገብ የማይታየውን የዚህ ዓይነቱን ሥራ ብዛትና ብርታት ካሳየ ወዲህ፥ ይህ የኢኮኖሚ ክፍል በዓለም ሁሉ የሚጠና ሆኗል። ቦታው የመዶሻ ድምፅ ከሩቅ የሚሰማበት ነው፤ አንዱ ጠፍጣፋውን ቆርቆሮ በመቀስ ይቈርጣል፥ ሁለተኛው በእንጨት ጠርዝ ላይ አጥፎ ይመታል፥ ሦስተኛው ማጠፊያውንና የቁልፉን ቀለበት ይበይዳል፥ አራተኛው ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቀለም ይቀባል። ከሚሠሯቸው ዕቃዎች ሁሉ በትምህርት መክፈቻ ሰሞን የሚፈለገው የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ መጽሐፉን፥ ሳሙናውንና ልብሱን ቈልፎ የሚያስቀምጥበት ሳጥን። አባትና እናት ገዝተው ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን ጸልየው ሲሄዱ፥ ሳጥኑን የሠራው ወጣት ከእነዚያው ልጆች አንዱ የነበረና መጠይቅ ሳይቀርብለት በእጁ ሥራውን ያወቀ ሊሆን ይችላል። የዝንባሌ መጠይቅ የዚህን ወጣት ብልሃት ከወረቀት ላይ ሊያገኘው አይችልም፤ ሲሠራ ያየው ጌታው ግን በሳምንት ውስጥ ያውቀዋል።

አሁን ኬንያ ይህን ሁሉ ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያስነሣ ለውጥ ላይ ናት። በ1985 የተጀመረው የ8-4-4 ሥርዓተ ትምህርት ቀስ በቀስ ቦታውን እየለቀቀ፥ በብቃት ላይ የተመሠረተው አዲሱ ሥርዓት እየተካው ነው፤ በእርሱም ተማሪው 9ኛን ክፍል ሲፈጽም ከሦስት ጎዳናዎች አንዱን ይዞ ወደ 10ኛ ክፍል ይሻገራል። የመጀመሪያው የሳይንስ፥ የቴክኖሎጂ፥ የምሕንድስናና የሒሳብ ነው፤ ሁለተኛው የማኅበራዊ ሳይንስ፤ ሦስተኛው የኪነ ጥበብና የስፖርት ነው። በዚህ ሥርዓት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የ9ኛ ክፍልን ፈተና የወሰዱት በ2025 ነው። የእጅ ሥራና የሙያ ትምህርት ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ለሁሉም መሰጠቱ፥ ዳንስና ሩጫም ከሒሳብ እኩል ጎዳና መባላቸው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ሁለት ነገሮች ያሳስቡኛል።

የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። የዝንባሌን ጽናት የመረመሩ ጥናቶች ከ12 ዓመት እስከ 40 ዓመት ያሉ ሰዎችን በማስተያየት ያገኙት፥ ዝንባሌ በልጅነት ፈጽሞ የማይጨበጥ ባይሆንም፥ ጎልቶ የሚጸናው ከ18 እስከ 22 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሆኑን ነው፤ ከዚያ በኋላ ከብዙ የጠባይ ዓይነቶች ይልቅ ጸንቶ ይኖራል። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን 14 ወይም 15 ዓመት ገደማ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የተሞላ መጠይቅ ለውይይት መክፈቻ እንጂ ለማኅተም አይሆንም። ሁለተኛው ኮታ ነው። የመንግሥቱ ዕቅድ ከመቶው 60 ለሳይንሱ፥ 25 ለማኅበራዊው፥ 15 ለኪነ ጥበቡና ለስፖርቱ ነው። እኛም በ2001 ዓ.ም. ግድም ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት 70 በመቶ የተፈጥሮ ሳይንስ፥ 30 በመቶ የማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆኑ ወስነን ነበርና ነገሩን እናውቀዋለን፤ በየካምፓሱ፥ የማይወዱትን ትምህርት ተመድበው ለአምስት ዓመት የተማሩ ልጆች ምን ያህል እንደ ነበሩ የማያስታውስ መምህር የለም። መንግሥት ለአገሩ የሚያስፈልገውን መሐንዲስ ቁጥር መገመቱ ሥራው ነው፤ ግን የልጆች ዝንባሌ በ60፥ በ25ና በ15 ተከፍሎ አይወለድም፤ መጠይቁን አስሞልቶ በኮታው መደልደል ልጁን አስፈቅዶ እንደ ማሰር ይሆናል።

ለዚህ ነገር የአገራችን ሊቃውንት ያቆዩልን ሌላ ሥርዓት ነበረ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ የጨረሰ ተማሪ ዳዊቱን ደግሞ፥ ቁራሽ እየለመነ፥ ደበሎውን ለብሶ ከአገር ወደ አገር ይዞር ነበር፤ ድጓን ሽቶ ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕትን ሽቶ ወደ ዙር አምባ፥ አቋቋምንና ትርጓሜን ሽቶ ወደ ጎንደር፥ ቅኔን ሽቶ ወደ ዋሸራ። ድምፁ ለዜማ እንቢ ያለው ተማሪ አፍሮ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የኔታ ከልብሱና ከአነጋገሩ ሳይሆን ከቃል ትምህርቱ አይተው፥ ልጄ ይህ መንገድህ አይደለም፥ አንተ መጻሕፍት ቤት ግባ ብለው ያሰናብቱታል። ሥርዓቱ ዓመታት ይፈጃል፥ ብዙ ተማሪም በረኀብና በበሽታ በመንገድ ቀርቷል፤ ስለዚህ እንደ ነበረ ይመለስ አልልም። ይሁን እንጂ ሙከራው በሥራው ላይ እንጂ በስሙ ላይ አልነበረም፤ ቅኔን የሚወድ መሆኑን ተማሪው የሚያውቀው ቅኔ ቆጥሮ ነው።

ሚዛኑን ወደ አገር መሬት ማምጣት የማይቻል አይደለም። በ1996 ራውንድስና ትሬሲ የተባሉ ተመራማሪዎች ከ18 አገሮች የተሰበሰቡ መልሶችን ቢያስተያዩ፥ የሆላንድ ክበብ በአሜሪካውያን ላይ እንደሚገጥመው ያህል በሌሎቹ ላይ አልገጠመም፤ በደቡብ አፍሪካም በ2002 በጥቁር ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት ያንኑ አሳይቷል። ከዚህ በኋላ ደቡብ አፍሪካውያን ሊቃውንት የራሳቸውን የዝንባሌ መጠይቅ ከራሳቸው አገር ሥራ አዘጋጅተዋል፤ በናይጄሪያም በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ባካሬ የተባሉት መምህር ያዘጋጁት መጠይቅ ለብዙ ዓመት በትምህርት ቤቶች ሲሠራበት ኖሯል።

ለናይሮቢ የሚሆነውን መጠይቅ አዘጋጅ ብባል የሙያ ስም ፈጽሞ አላገባበትም ነበር። ሐኪም፥ ጠበቃ፥ ግንበኛ የሚሉት ቃላት ከደመወዛቸውና ከክብራቸው ጋር ተጣብቀው ስለሚመጡ፥ በምትካቸው ልጁ በሰፈሩ በዓይኑ ያየውንና በእጁ የሞከረውን እጠይቀው ነበር። የተበላሸ ራዲዮ ፈትተህ ገጥመህ ታውቃለህ? ሳትነሣ ስንት ሰዓት ተቀመጥህበት? የእናትህ ቻማ ሲሰበሰብ፥ እርሱም የእኛ ዕቁብ ዓይነት ነው፥ መዝገቡን የምትይዘው አንተ ብትሆን ትወዳለህ? ሁለት ጎረቤቶች ሲጣሉ መሀል ገብተህ ታውቃለህ ወይስ ራቅ ብለህ ታያለህ? ከጊኮምባ አንድ ሸሚዝ ገዝተህ አትርፈህ ሸጠሃል? የሚያልፈውን ማታቱ ሥዕሉን አይተህ እኔ ብሆን እንዲህ አድርጌ እሥለው ነበር ብለሃል? ጉንዳን ወዴት እንደሚሄድ ተከትለህ አይተሃል? እንደ እነዚህ ያሉትን ጥያቄዎች የሚመልስ ልጅ ደመወዝ አያስላም። መጠይቁንም በየትምህርት ቤቱ ላለው የምክር ክፍል መምህር ሰጥቼ፥ በ9ኛ ክፍል አንድ ጊዜ፥ በ10ኛና በ12ኛ ደግሞ እንደ ገና እንዲያስሞላ፥ ሦስቱንም ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ልጁን ከወላጆቹ ጋር እንዲያነጋግር አደርግ ነበር፤ ሦስቱ ወረቀቶች ያልተስማሙለት ልጅ ጎዳናውን መለወጥ እንዲችልም በየትምህርት ቤቱ የማሻገሪያ በር ክፍት ሆኖ መቆየት ይኖርበታል።